ሙዚቃ ለመስማት ሠርግ የደገሱ ሰዎች

(ይህ ጽሑፍ የሮክ ሙዚቃ አፍቃሪ የሆንን ወዳጆች ተሰብስበን ሳለ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች በመጠኑ አሳጥሬዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወንድሞቼና እኅቶቼ!

ከሁሉ አስቀድሜ ግቢያቸውን ለለቀቁልን፣ ቡናም ላፈሉልን ለጓደኛችን እናት ምስጋናዬ ይድረሳቸው። እንደምታውቁት የዛሬው ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሊደረግ ነበር የታሰበው። የአዳራሹ ኃላፊ ግን «ከሚመለከተው ክፍል ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ» አሉን። የሚመለከተው ክፍል የትኛው ነው ብንላቸው እሳቸውም አያውቁትም። ሸክላ ለመስማት ደብዳቤ! ወይ ጉድ! ነገሩ አበሳጭቶኝ ነበር፤ በኋላ ሳስበው ግን ዛሬ ልነግራችሁ ላሰብኩት ታሪክ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላገኝም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ምን ላይ እንደተጣላን አትረሱትም። አልበም ይበልጣል ወይስ ኮንሰርት? ግማሾቻችሁ የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ይዛችሁ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ተጣርቶና ተለክቶ የተሠራን ነገር መድረክ ላይ የሚደግመው የለም አላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ያው ሥራ ማርች 1973 በሸክላ ከመውጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ ከጃንዋሪ 1972 ጀምሮ እንግሊዝ አገር በየመድረኩ ሲጫወት እንደነበር አስታወሳችሁ። እውነት ነው። መጀመሪያ በኮንሰርት ተሰምቶ፣ በኮንሰርት ተሞርዶ ነው ሸክላ የሆነው። አንዱ ወዳጃችንማ የስ የተባለው ባንድ በ1973 መጨረሻ ላይ ገና ያልወጣ ድርብ አልበም፣ አራቱንም ገጽ፣ ላልሰማ ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር መጫወቱን አንሥቶ «ጀግንነት ማለት ይኼ ነው» ሲል፣ ሌላው «ጭካኔ ነው እንጂ!» ብሎ አሳቀን።

እኔ ያን ዕለት የቆምኩት ከአልበም ወገን ነበር። ለምን ቢባል፣ ኮንሰርታቸውን በምን አባቴ ላየው? ያደግሁት የቅጂ ቅጂ በሆነ ካሴት ነው። ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝ። ይኼ ክርክራችን ሁለቱም በር ለተከፈተለት ሰው ነው። ሸክላው ሱቅ አለ፣ ኮንሰርቱም በቲኬት ይገባል፤ ያ ሰው ያማርጥ። ሸክላ ማሳተም የተከለከለበት፣ ኮንሰርትም ሲሄድ ዱላ የሚጠብቀው አድማጭስ? እንዲህ ያሉ አድማጮች ነበሩ። ፕራግ ነው አገራቸው።

በኦገስት 1968 የሶቪየት ኅብረትና የአጋሮቿ ታንኮች ቼኮዝሎቫኪያን ወረሩ። ብዙም ሳይቆይ ሚላን ህላቭሳ የሚባል የ17 ዓመት የፕራግ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቋመ፤ ስሙንም ከፍራንክ ዛፓ ዘፈን ተውሶ «ዘ ፕላስቲክ ፒፕል ኦፍ ዘ ዩኒቨርስ» አለው። ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚለውን ስም አጥብቆ የሚይዝ ሰው እነዚህ ከየስና ከጀነሲስ ጋር አይመደቡም ይለኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ዝምድናቸው ከዛፓና ከቬልቬት አንደርግራውንድ ጋር ነው። ነገር ግን ቫዮላና ሳክስፎን ያለበት፣ አንዱ ዜማ ከሌላው ተያይዞ እንደ ድርሰት የሚሄድ ሥራ የፈለገ ሁሉ እነሱ ዘንድ ያገኘዋል።

ያ ልጅ ጊታር ያነሣው መንግሥት ሊገለብጥ አልነበረም። ባንዱም መጫወት ብቻ ነው የምንፈልገው ከማለት ተቆጥቦ አያውቅም። ችግሩ በዚያ አገር ለመጫወት ፈቃድ ማስፈለጉ ነበር። ከወረራው በኋላ «ነገሮችን ወደ ቦታቸው መመለስ» የሚባል ፖሊሲ መጣና ባንዶች ፀጉር እንዲያሳጥሩ፣ የእንግሊዝኛ ስማቸውን እንዲጥሉ፣ አደብ እንዲገዙ ተነገራቸው። ብዙዎቹ ተላጩ። ፕላስቲኮች አልተላጩም። በ1970 ፈቃዳቸውን ተነጠቁ፤ የመንግሥት የነበሩት የሙዚቃ መሣሪያዎችም ተወሰዱባቸው። ከዚያ በኋላ የሚጫወቱት ራሳቸው በጠጋገኑት ዕቃ ሆነ።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለንም። አምኃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር መብቱ በአዋጅ የተሰጠው ለአገር ፍቅር ነበር። ሰውዬው አዋጁን ወደ ጎን ትቶ ህንድ አገር አስቀርጾ አመጣ። ዛሬ ዓለም የሚሻማባቸው ሸክላዎች የተገኙት በዚያ ድፍረት ነው። በደርግ ዘመንስ ሰዓት እላፊ ፈርቶ ጭፈራ ቤት እንደተቆለፈበት ሙዚቃ ሲሰማ ያነጋ አጎት የሌለው ማነው?)

ወደ ፕራግ እንመለስ። ኢቫን ዪሮውስ የሚባል የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ነበር። ቅጽል ስሙ «ማጎር» ነው፤ እብዱ እንደማለት። ይህ እብድ የባንዱ መሪ ሐሳብ አመንጪ ሆነ። የሚለው ነገር እንዲህ ነበር፦ የመንግሥትን በር ቆመን አናንኳኳም፣ ፈቃድም አንለምንም፣ የራሳችንን ባህል ለብቻችን እንሠራለን። «ሁለተኛ ባህል» አለው። ታዲያ ይህ ሁለተኛ ባህል በምን ይሠራል? በአድማጭ!

ኮንሰርት ክልክል ነው፤ ሠርግ ግን ክልክል አይደለም። ስለዚህ ሠርግ ይደገሳል። ሙሽሮቹም ድግሱም እውነተኛ ናቸው፤ ብቻ ሙዚቀኞቹ ይበዛሉ። በሴፕቴምበር 1974 ፖስቱፒትሴ በምትባል መንደር የተደረገው የመጀመሪያው የሁለተኛ ባህል ፌስቲቫል በሠርግ ስም ነበር። በፌብሩዋሪ 1976 ቦያኖቪትሴ ላይ የተደረገው ሁለተኛው ደግሞ የራሱ የዪሮውስ ሠርግ ነበር። ጥሪው በወረቀት አይጻፍም። አንዱ ለአንዱ በጆሮው ይነግረዋል፣ ባቡር ተሳፍሮ ይወርዳል፣ የቀረውን በእግሩ ይሄዳል። እስቲ እኛን አስቡን፤ ታክሲ ሰልፉ ረዘመ ብለን ከስብሰባ የምንቀረውን!

ሁልጊዜም በሰላም አያልፍም። ማርች 30 ቀን 1974 ቼስኬ ቡዴዮቪትሴ ከተማ አጠገብ ሩዶልፎቭ በሚባል ቦታ ኮንሰርት አለ ተብሎ ብዙ መቶ ወጣት ከየአገሩ ጎረፈ። ፕላስቲኮች አንድ ዜማ እንኳ ሳያሰሙ ፖሊስ ዱላና ውሻ ይዞ ደረሰ። ወጣቱ እየተደበደበ ወደ ባቡር ጣቢያ ተነዳ፣ ተጭኖም ተመለሰ። ከትምህርት ቤት የተባረሩም አሉ። ጥፋታቸው ምንድነው? ሙዚቃ ሊሰሙ መሄዳቸው! አንድም ኖታ ሳይሰሙ!

አልበሙስ? እሱም የራሱ ጉድ አለው። ሥራው ታትሞ እንዳይወጣ የታገደ ኤጎን ቦንዲ የሚባል ገጣሚ ነበር። ፕላስቲኮች የእሱን ግጥሞች ወስደው ዜማ ሠሩላቸው። በ1974 እና በ1975 ሆውስካ በሚባል አሮጌ ግንብ ውስጥ ቀረጿቸው። የግንቡ ጠባቂ ስቫቶፕሉክ ካራሴክ የሚባል ዘፋኝ ቄስ ስለነበር በሩ ተከፈተላቸው። ያ ቅጂ በቴፕ እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሕጋዊ ሸክላ ሆኖ የወጣው በ1978 ነው፤ እሱም ፓሪስ! ርእሱ በቢትልስ የ1967 አልበም ላይ የሚቀልድ ነው፤ «ባንድ» የሚለውን ቃል «የታገደ» በሚል እንግሊዝኛ ቃል ለውጦታል።

አሁን እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ቦታ ላይ ደረስን። በ1976 መጀመሪያ ላይ ዪሮውስ ከአንድ ቲያትር ጸሐፊ ጋር ተገናኘ። ጸሐፊው ቫክላቭ ሀቬል ነው። ሀቬል ስለ እነዚህ ፀጉራሞች የሰማው ወሬ ብቻ ነበር፤ ወሬውም ደግ አልነበረም። ዪሮውስ አንድ ያረጀ ቴፕ አውጥቶ ዘፈኖቹን አሰማው። ድምፁ ይንኮሻኮሻል። ሀቬል ግን በዚያ ኩርፍርፍ ባለ ድምፅ ውስጥ እውነት ሰማ፤ ሁለቱ ሲጨዋወቱ ነጋ። ዪሮውስ ለሚመጣው ኮንሰርት ጠራው፤ ሀቬልም እሺ አለ። ያ ኮንሰርት ግን ሳይደረግ ቀረ። ማርች 1976 ላይ ዪሮውስ፣ ሙዚቀኞቹና ወዳጆቻቸው ታፈሱ።

እንግዲህ ፍረዱ። ሀቬል ኮንሰርቱን አላየም። አልበምም አልነበረም። የሰማው የተበላሸ የቴፕ ቅጂ ነው፤ ያውም የባንዱን ነገር የሚወድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እያስረዳው። በዚያች ቴፕ ምክንያት ተነሥቶ ደራስያንና ምሁራንን አስተባበረ። ከነዚህ ብዙዎቹ ሮክ ሲሰሙ ጆሯቸውን የሚይዙ ሰዎች ናቸው!

ፍርድ ቤቱ በሴፕቴምበር 1976 ተሰየመ። ክሱ የአእምሮ ነፃነት ምናምን የሚል አይደለም፤ ረብሻ ነው። ዪሮውስ 18 ወር፣ ፓቬል ዛዪቼክ 12 ወር፣ ቄሱ ካራሴክና ሳክስፎን ተጫዋቹ ቭራቲስላቭ ብራቤኔትስ 8 ወር እያንዳንዳቸው ተፈረደባቸው። በችሎቱ ኮሪደር ተሰብስበው የነበሩት ፀጉራም ወጣቶችና ከረባት ያሰሩ ምሁራን እዚያ ተዋወቁ። በጃንዋሪ 1977 «ቻርተር 77» የሚባለው ሰነድ ይፋ ሆነ፤ መንግሥታቸው ራሱ የፈረመውን የሰብዓዊ መብት ውል እንዲያከብር የሚጠይቅ ነው። ከሦስቱ ቃል አቀባዮች አንዱ ሀቬል ነበር። ሌላው አረጋዊው ፈላስፋ ያን ፓቶችካ በማርች 1977 ከረዥም የፖሊስ ምርመራ በኋላ ሞቱ። ነገሩ እዚህ ደረሰ፤ መነሻው ግን የአንድ ባንድና የአድማጮቹ ጉዳይ ነው።

ሁሉንም ቅዱስ አድርጌ ልነግራችሁ አልፈልግም። ሙዚቃው ለሁሉም ጆሮ አይደለም። ከባድ፣ ጨለማ የዋጠው፣ አንዳንዴም የሚያደክም ነው። ቅጂዎቹ ላይ ድምፃዊውን ከከበሮው ለመለየት የሚያስቸግርበት ቦታ አለ። ስለ ታሰሩ ብቻ ጎበዝ ሙዚቀኛ ናቸው ማለትም አይቻልም፤ እስር ቤት ጊታር አያስተምርም። መጨረሻ ላይ እርስ በርስም ተጣልተዋል። በ1980ዎቹ ማብቂያ ባለሥልጣኖቹ ስማችሁን ከለወጣችሁ ተጫወቱ የሚል በር ሲከፍቱ፣ አንዱ እንግባ አለ፣ ሌላው ሞቼ እገኛለሁ አለ፤ በ1988 ተበተኑ። በየትኛው ወገን እንደምትፈርዱ አላውቅም። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ በጎተራ ሲጫወት የኖረ ሰው መድረክ ቢናፍቅ አልፈርድበትም።

ነገር ግን «የሕማማት ትያትር» የሚለውን ሥራቸውን ስሙት። ኤፕሪል 1978 ሀቬል ህራዴቼክ በሚባለው የገጠር ቤቱ ጎተራውን ለቀቀላቸው። ወዳጆች ተሰብስበው የክርስቶስን ሕማማት የሚተርከውን ድርሰት ተጫወቱት፣ ቴፑም እየዞረ ቀዳው። ቀድሞ የባንዱ ድምፃዊ የነበረና በ1977 ከአገር የተባረረ ፖል ዊልሰን የሚባል ካናዳዊ በ1980 ካናዳ ውስጥ በሸክላ አወጣው። በሉ እንግዲህ፣ ይኼ አልበም ነው ወይስ ኮንሰርት? ባለፈው ቅዳሜ ጠረጴዛ የመታችሁ ሰዎች መልሱልኝ!

የቀረውን በአጭሩ ልጨርስ። ብራቤኔትስ ወከባው ሲበዛበት በ1982 ወደ ካናዳ ተሰደደ። ዪሮውስ ተመላልሶ ታስሮ በድምሩ ከ8 ዓመት በላይ እስር ቤት ኖረ፤ የሞተው በ2011 ነው። ሀቬል በዲሴምበር 1989 ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በጃንዋሪ 1990 ዛፓ ራሱ ፕራግ መጣ። በ1997 የቻርተሩ 20ኛ ዓመት ሲከበር ባንዱ በሀቬል ግፊት ተሰባስቦ እንደገና ተጫወተ። በሠርግ ስም ተደብቆ የሰማቸው ሰው በዚያ ቀን ምን እንደተሰማው ማወቅ እፈልግ ነበር። ህላቭሳ በ2001 ሲያርፍ ገና 49 ዓመቱ ነበር።

በቃኝ፣ ብዙ አወራሁ። ሁለተኛው ቡና ደርሷል መሰለኝ። ያመጣሁት የጎተራውን ቅጂ ነው፤ ሸክላውን አላገኘሁትም። ማጫወቻው ትንሽ ይንኮሻኮሻል፣ ታገሡት። የበሩ አጠገብ ያላችሁ ልጆች ግን በሩን ገርበብ አድርጉት፤ ጎረቤት እንዳይረበሽ ብለው እማማ አደራ ብለውኛል።