ከአማኑኤል ገበያ እስከ ምክር ቤቱ
(ድምፅ፦ የገበያ ሁካታ፣ አማኑኤል አካባቢ)

አቅራቢ፦ መርካቶ፣ አማኑኤል አካባቢ የሚሸጥ ከውጭ የገባ ዕቃ ዋጋው ከቀረጥ ጋር የተያያዘ ነው። ኢትዮጵያ በአባል አገሮች መካከል ቀረጥ የሚቀንሰውን የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት በመጋቢት 2010 ኪጋሊ ላይ ፈረመች፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2011 አጸደቀው። ቀረጥ ሲቀንስ ሸማቹ ሊጠቀም ይችላል፤ የአገር ውስጥ አምራቹ ግን ፉክክር ይጠብቀዋል።

በምክር ቤቱ ድምፅ ለመስጠት እጁን የሚያወጣው እንደራሴ ይህን ጥቅምና ጉዳት በሚገባ የሚመዝነው ከመንግሥት ማብራሪያ ሌላ ገለልተኛ ጥናት ሲቀርብለት ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ለዚሁ ሥራ ከ1914 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱ የጥናት ክፍል አለው። ጥሩ የጥናት መግለጫ አማራጮቹን፣ ወጪውን፣ ተጠቃሚውንና ተጎጂውን በአጭሩ ያሳያል፤ “እንዲህ ወስኑ” ግን አይልም።

ለእኛም እንደራሴዎች ከድምፅ በፊት እንዲህ ያለ ጥናት ሊቀርብላቸው ይገባል፤ የውሳኔያቸውን ዋጋ የሚከፍለው ሕዝቡ ነውና።