ትዳር፣ ሕመምና የመድኃኒት ዋጋ
(በወረታ ከተማ ለባለትዳሮች የቀረበ ንግግር)



ከባልና ሚስት በአንዳቸው ደም ውስጥ ኤች አይ ቪ ሲገኝ ሌላው ነፃ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ «ማን አመጣው?» የሚለው ጥያቄ ቤት ያፈርሳል። ምርመራው ግን ቫይረሱ መኖሩን እንጂ መቼ እንደገባ አይናገርም፤ ከጋብቻ በፊት ገብቶ ለዓመታት ሳይታወቅ የቆየም ሊሆን ይችላል።

በፈረንጆች 1990ዎቹ መጨረሻ የዚህ ሕመም መድኃኒት ለአንድ ሰው በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ይጠይቅ ነበር። የማምረት መብቱ በጥቂት ኩባንያዎች እጅ ስለነበረ ዋጋውን የሚወስኑት እነሱ ነበሩ። በ1993 ዓ.ም. ሲፕላ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በዓመት በ350 ዶላር ለመሸጥ ሲነሣ ዋጋው ወረደ። በአገራችን በ1995 ዓ.ም. በክፍያ፣ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በነፃ መሰጠት ጀመረ። ያን ያህል የተደከመለትን መድኃኒት ዛሬ በእፍረት ምክንያት መተው አይገባም።

መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድ ሰው፣ ቫይረሱ በደም ምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ደርሶ እዚያው ከቆየ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ይህ በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ በኮንዶም ተጠቀሙ።

ልጅ መውለድም ይቻላል። ያለ ሕክምና ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ፤ እናትየዋ በሚገባ ከታከመች ግን ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። ስለዚህ ከማርገዛችሁ በፊት ሁለታችሁም ባለሙያ አማክሩ።

መውለድ ለማትፈልጉ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ኢፋቪረንዝ የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ሪፋምፒሲን የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ ያዳክማሉ። የምትወስዱትን ሁሉ ለነርሷ ንገሩ፤ መርፌው ወይም ሉፑ ሊሻላችሁ ይችላል።

በፎገራ የሩዝ አጨዳ ሲደርስ ከቤት ርቆ መሰንበት አለ፤ በክረምትም ርብና ጉማራ ሞልተው መንገድ ይዘጋሉ። መድኃኒቱ ሳያልቅ አስቀድማችሁ ውሰዱ፤ ውኃ ከማይደርስበት ቦታም አኑሩት። ባል ሲረሳ ሚስት ታስታውሰው፤ ሚስት ስትደክም ባል ክኒኑንና ውኃውን ያቅርብላት።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ለመመርመር ስትመጡ ሁለታችሁም አብራችሁ ኑ።