ከ«ጥፋተኛ ነህ» በኋላ

እሷ፦ ዳኛው «ጥፋተኛ ነህ» ካለ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ለእኔ ግን ከባዱ ገና ነው።

እሱ፦ ዐቃቤ ሕግ የቅጣት ማክበጃውን፣ ተከሳሽ ማቅለያውን የሚያቀርበው ያኔ ነዋ! በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 84 ጨለማን ተገን ማድረግ፣ መሣሪያ መያዝ፣ ከሌሎች ጋር ማደም ያከብዳል።

እሷ፦ «የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ» የሚለውስ? በየችሎቱ ይሰማል እኮ።

እሱ፦ አንቀጽ 82 በስም አልጠቀሰውም፤ የቀድሞ መልካም ጠባይን፣ ከባድ ችግርን፣ ጸጸትን ነው የሚዘረዝረው። አንቀጽ 86 ግን ዳኛው ምክንያቱን ጽፎ ሌላም እንዲቀበል ይፈቅዳል።

እሷ፦ ጸጸቱን እጠራጠራለሁ። ችሎት ፊት የማያለቅስ ማን አለ?

እሱ፦ ሕጉ ዕንባ አይቆጥርም። እጅ መስጠትን፣ ጥፋትን ማመንን፣ ተጎጂን መርዳትንና መካስን ነው የሚያየው።

እሷ፦ ይሄን ወደድኩት። ጉቦ የበላ ሹመኛስ? ሥልጣኑ ማክበጃ ይሆንበታል?

እሱ፦ ሥልጣኑ ወንጀሉን ካቋቋመ፣ እንደ አጠቃላይ ማክበጃ ዳግም አይቆጠርም።

እሷ፦ አድማጭ ይገረማል!

እሱ፦ ተመሳሳይ ጥፋት በየችሎቱ የተራራቀ ቅጣት እንዳያስከትል ደግሞ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ2002 ጀምሮ የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አለው፤ ደረጃና እርከን ያለው ሠንጠረዥ።

እሷ፦ ሰው በሠንጠረዥ ሲለካ ግን ቅር ይለኛል።

እሱ፦ እኔስ ያለሱ ባልዳኝ እመርጣለሁ። እስቲ ስልኩን እናንሣ፤ ሄሎ?