የሞለኪውል ቅርጽና የተቀባይ ምላሽ፦ የካናቢኖይዶች ምሳሌ
በመሐል ሜዳ የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ



ስለ ካናቢስ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ «ዕፁ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» በሚል ጥያቄ ይታጠራል። እኔ ግን ጥያቄው ከዕፁ ወደ ሞለኪውሉ መውረድ አለበት እላለሁ።

ዕፁ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በጣና አካባቢ ከሚገኝ ላሊበላ ከተባለ ዋሻ በቁፋሮ የወጡ፣ ዕድሜያቸው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግድም የተገመተ የሸክላ ጋያዎች የካናቢስ ውሁዶች ቅሪት እንደ ተገኘባቸው እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመ ጥናት ተገልጿል። ይሁን እንጂ የዕፁ ስም ብቻውን ስለ ውጤቱ የሚነግረን ጥቂት ነው።

ቲኤችሲንና ሲቢዲን እንመልከት። ሁለቱም 21 ካርቦን፣ 30 ሃይድሮጂንና 2 ኦክስጅን አላቸው። በቲኤችሲ አንዱ ኦክስጅን ድልድይ ሆኖ ሦስተኛ ቀለበት ይዘጋል፤ በሲቢዲ ግን ያ ቀለበት ክፍት ስለሆነ የቀሩት ሁለቱ ቀለበቶች አንዱ ከሌላው ተጣመው ይቆማሉ። በአንጎል በብዛት የሚገኘው ሲቢ1 ተቀባይ ቲኤችሲን በሚገባ ይይዛል፤ ሲቢዲን የሚይዘው ግን እጅግ በደካማው ነው። ቲኤችሲ የሚያሰክረው፣ ሲቢዲ የማያሰክረው ስለዚህ ነው።

የካርቦን ሰንሰለቱም ርዝመት ወሳኝ ነው። በቲኤችሲ ሰንሰለቱ 5 ካርቦን አለው። ወደ 3 ሲያጥር የሚገኘው ቲኤችሲቪ በአነስተኛ መጠን ተቀባዩን ከማነቃቃት ይልቅ ይዘጋዋል። ቁልፍ ጓጉንቸር ውስጥ ገባ ማለት ዞረ ማለት አይደለምና፣ መያዝንና ማነቃቃትን ለይተን እንይ። ቲኤችሲ ተቀባዩን የሚያነቃቃው በከፊል ነው። በቤተ ሙከራ የተሠራው ጄደብልዩኤች-018 ግን ቅርጹ ከቲኤችሲ እጅግ ቢለይም በዚያው ስፍራ ገብቶ ሙሉ በሙሉ ያነቃቃዋል። የዚህ ዓይነት ሰው ሠራሽ ውሁዶች ለሚጥል ሕመምና ለሞት ጭምር የሚዳርጉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በአንጻሩ ከማዕድ ቤታችን በማይጠፉት በቁንዶ በርበሬና በቅርንፉድ ያለው ቤታ-ካርዮፊሊን፣ በበሽታ መከላከያ ሕዋሳት በብዛት የሚገኘውን ሲቢ2 ተቀባይ ይይዛል፤ ሲቢ1ን ግን አይነካም። ወጥ የበላ ሰው በቅመሙ አይሰክርም።

ነገ በጤና ጣቢያ ለምትቆሙ ተማሪዎች ይህ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። ልጇን የሚጥል በሽታ የያዘባት እናት፣ ከዚህ ዕፅ መድኃኒት እንደሚሠራ ሰምታ ቅጠሉን ልታጨስለት ታስብ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ለከባድ የልጅነት የሚጥል በሽታዎች የተፈቀደው የተጣራ ሲቢዲ ነው፤ በሚጨሰው ቅጠል የሚያይለው ግን በአብዛኛው ቲኤችሲ ነው። ስለዚህ «ከአንድ ዕፅ የወጡ ቢሆኑም አንድ አይደሉም» ብላችሁ በትሕትና አስረዷት፤ የጀመረውንም መድኃኒት እንዳታቋርጥበት ምከሯት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ የተዘጋ ቀለበት ነው፤ ለልጁ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።