ከመርፌው በፊት መኖ
በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር

የተሰጠኝ ሰዓት አጭር ስለሆነ ከሥራዬ አንዲት ነገር ብቻ ላንሣ፦ ላም ከወለደች በኋላ ኮርማ ሳትፈልግ ለምን ትከርማለች?

ገበሬው «ላሜ ዝም አለችብኝ» ሲለን የብዙዎቻችን እጅ ወደ ሆርሞን መርፌ ይሄዳል። ላሟ ግን ታማ ላይሆን ይችላል። አንጎሏ ሂሳብ እያሰላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 የታወቀው ሌፕቲን ከስብ ሴሎች ይመነጫል፤ ላሟ ስትከሳ ይወርዳል። በ1999 የታወቀው ግሬሊን ደግሞ ሆድ ሲጎድል ከጨጓራ ይጨምራል። ኢንሱሊንም ይቀንሳል። ይህ ወሬ ሃይፖታላመስ ሲደርስ የጂኤንአርኤች ምት ይዘገያል፤ ከፒቱታሪ የሚመጣው ኤልኤችም ይሳሳል። ፎሊክሉ ያድጋል፣ ግን ዕንቁላሉን ሳይለቅ ይከስማል። ሰውነቷ «ለራሴ ያልበቃኝን ለጥጃ ከየት ላምጣ?» እያለ ነው።

እስቲ አሁን ድራትን ለማቀናጀት የምንወጋውን ፕሮስታግላንዲን አስቡት። የሚሠራው ኮርፐስ ሉቲየምን በማክሰም ነው። ዕንቁላል ያልለቀቀች ላም ኮርፐስ ሉቲየም የላትም፤ ታዲያ መርፌው ምኑን ያክስም? ገበሬው ላሙን እየነዳ መጥቶ፣ ተሰልፎ፣ እንዲያው ይመለሳል። ከዚያ አዳቃዩ ይታማል፣ የኮርማው ዘር ይታማል። ስለ ጭዱ የሚያነሣ የለም። ይህ «ላም አለኝ በሰማይ» ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

እኔ የምለው ቀላል ነው። ከመውጋታችን በፊት ጎድኗንና ዳሌዋን እንዳስስ። ከ1 እስከ 5 በሚሰጠው የሰውነት አቋም ነጥብ ከ2.5 በታች ከሆነች መኖ ይቅደም። ፋጉሎና ፍሩሽካ ውድ መሆናቸው አልጠፋኝም። ያለችውን ጥቂት መኖ ግን ከመውለዷ በፊት ላሉት ሁለት ወራትና ከወለደች በኋላ ላሉት ሳምንታት እናቆያት። እርግዝናዋ ወደ 280 ቀን ነው፤ በዓመት አንድ ጥጃ ለማግኘት ከወለደች በ3 ወር ገደማ መፀነስ አለባት። ከልክ በላይ ማወፈርም አያዋጣም፦ በጣም ወፍራ የወለደች ላም የመብላት ፍላጎቷ ይቀንሳል፣ ስቧን ቶሎ ታቀልጣለች፣ ድራቷም ይዘገያል።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። መኖና ሥነ ተዋልዶ ሁለት ኮርስ ናቸው፤ ላሟ ግን አንድ ናት። ተማሪዎቻችሁን ለልምምድ ስትልኩልን የማሕፀኗን ብቻ ሳይሆን የግርግሟንም ነገር ይጠይቁ። በየወረዳው ያለነው ተመራቂዎች በራችን ክፍት ነው።