የመጨረሻው መንጋጋ፤ መቼ ይነቀላል? መቼስ ይተዋል?



መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ገብቶ የወጣ ሰው የስፍራን ዋጋ ያውቃል። ከባሕር ማዶ የመጣው ሸቀጥ በጠባቡ ሱቅ ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ደንበኛ የሚቆምበት ቦታ እንኳ በስንዝር የሚለካ ነው። ሁሉም ከተደረደረ በኋላ ዘግይቶ የደረሰ ካርቶን ወይ ተጋድሞ ይገባል፤ ወይ ግማሹ ወደ መተላለፊያው ወጥቶ ይቀራል፤ አለዚያም ጎረቤቱን ይገፋል። የዛሬው ንግግር ግን ስለ ሸቀጥ አይደለም፤ በሰው አፍ ውስጥ ይኸው ዕጣ ስለሚደርሰው ጥርስ ነው።

የአዋቂ ሰው ጥርስ ሲሟላ 32 ነው። ከእነዚህ መካከል ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ሆነው በየዳርቻው የሚበቅሉት አራቱ፣ ሦስተኛ መንጋጋዎች ይባላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ብቅ የሚሉት ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ሰው በሚበስልበት ዘመን ስለሚመጡም በብዙ ሕዝቦች ዘንድ «የጥበብ ጥርስ» የሚል ስም ተሰጥቷቸዋል። ከአምስት ሰዎች በአንዱ ገደማ ግን ከአራቱ ቢያንስ አንዱ ጨርሶ አይፈጠርም።

ይህ ጥርስ ድሮ ስፍራ ያጣ አልነበረም። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ አጽሟ የተገኘው ድንቅነሽ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች ናት። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋዋ በቦታው ወጥቶ፣ ጥቂትም ተፍቆ መገኘቱ፣ አካለ መጠን ደርሳ እንደ ሞተች ለሊቃውንት ካስረዱት ምልክቶች አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው ፊት እያጠረ መጣ። ምግቡም በእሳት እየበሰለ፣ በወፍጮ እየላመ ሲሄድ መንጋጋ በልጅነቱ የሚሸከመው ሥራ ቀነሰ። አጥንት ደግሞ እንደሚያርፍበት ጭነት የሚጠነክርና የሚያድግ ነገር ነው። ስለሆነም መንጋጋው ሲያጥር የጥርሱ ቁጥር ግን እንደነበረ ቀረ።

ችግሩ የሚገለጠው እንዴት ነው? በዚያው ተራ የሚነግድ አንድ የ22 ዓመት ወጣት ይታሰብ። የታችኛው መንጋጋው ግማሹ ወጥቶ ግማሹ በድድ እንደተሸፈነ ነው። በድዱ ሥር የምግብ ፍርፋሪ ይከማቻል፤ ብሩሽም መፋቂያም አይደርስበትም፤ ተሐዋስያን ይራባሉ። ድዱ ያብጣል፣ አፉን መክፈት ይሳነዋል። ወጣቱ ሱቁን ላለመዝጋት ሲል ቅርንፉድ ይነክስበታል፤ ሕመሙ ሲጠና ሐኪም ያላዘዘውን እንክብል ገዝቶ ለሁለት ቀን ይውጣል። ሕመሙ ይታገሣል፤ እርሱም የዳነ ይመስለዋል። ነገር ግን ምክንያቱ በቦታው ስላለ ሕመሙ ይመለሳል። ቁስሉ ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ከወረደ ደግሞ የትንፋሽ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ከመንጋጋው በታች ያበጠ፣ ትኩሳት የያዘው፣ ምራቁን መዋጥ ወይም መተንፈስ የከበደው ሰው፣ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ይህ ሲባል ግን የመጨረሻ መንጋጋ ሁሉ ይነቀል ማለት አይደለም። ቀጥ ብሎ የወጣ፣ የሚጸዳና የማያም ጥርስ ለባለቤቱ ያገለግላል። የእንግሊዝ የጤና መሥሪያ ቤት በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሕመም የሌለበትን የተቀበረ ጥርስ ለጥንቃቄ ብቻ መንቀል እንዲቆም መክሯል። ለመንቀል የሚያበቃው ምክንያት ተደጋጋሚ ቁስል፣ የማይጠገን ብስባሴ፣ በጎረቤት ጥርስ ላይ የደረሰ ጉዳት ወይም በአጥንት ውስጥ የተፈጠረ ከረጢት ነው።

መሐንዲስ ያለ ጥናት አይቆፍርም፤ ሐኪሙም እንዲሁ ነው። በኤክስሬይ የጥርሱን አጋደል፣ የሥሮቹን ቅርጽና በታችኛው መንጋጋ ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭ ይመረምራል። ይህ ነርቭ ቢነካ የታችኛው ከንፈርና አገጭ ሊደነዝዙ ይችላሉ። ከዚያም ስፍራውን አደንዝዞ ድዱን ይከፍታል፤ ጥርሱን የጋረደውን አጥንት በመሰርሰሪያ፣ ውኃ እያፈሰሰ ያነሣል። ጥርሱን በሙሉ ለማውጣት ሰፊ ጉድጓድ ከመቆፈር ይልቅ ቆራርጦ በጠባብ ቀዳዳ ያወጣዋል። ሥሮቹ ነርቩን የተጠጉ እንደሆነም አንዳንድ ጊዜ አናቱ ብቻ ተቆርጦ ሥሮቹ ይተዋሉ። በወጣትነት ሥሩ ገና ሳይረዝም፣ አጥንቱም ሳይጠጥር ሥራው ይቀላል፤ ቁስሉም ቶሎ ይሽራል።

ከተነቀለ በኋላ ጉድጓዱን የሚሞላው የረጋ ደም የቁስሉ ክዳን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች በኃይል መትፋት፣ በቀሰም መምጠጥና ሲጋራ ማጤስ ክልክል ነው። ከአንድ ቀን በኋላ ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ ይገባል። ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው በሦስተኛው ቀን ገደማ ቢብስ፣ ክዳኑ ሳይለቅ አልቀረምና ወደ ሐኪሙ መመለስ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ያ ወጣት ሱቁን ለአንድ ቀን ቢዘጋ የሚያጣው የአንድ ቀን ገበያ ነው። ሕመሙን እያባበለ ቢከርም የሚያጣው ምን እንደሆነ ከላይ ተነግሯል። ጥርሱን ለመንቀል ፍርሃትም ሕመምም ዳኛ ሊሆኑ አይገባም፤ ዳኛው ምርመራ ነው።