የነዳጅ ፓምፕ አመራረጥና የከፍታችን አየር



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም ጉልበት ለተጨመረለት መኪና የሚስማማው የነዳጅ ፓምፕ የትኛው ነው? የሚል ነው። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አንድ ሞተር ማቃጠል በቀላሉ የማይተካ ንብረት ማጥፋት ሆኗል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወጣት ባለ ቱርቦ መኪናውን ከገርጂ አስጎትቶ አመጣልኝ። ቴስታታው ሲነሣ አንዱ ፒስተን ቀልጦ ተበስቶ ተገኘ። «ጋሼ፣ በሰዓት 255 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ ይበቃሃል ብለውኝ ነበር እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ብዬው ነበር። ጉድለቱ ከምን እንደመጣ ለማወቅ ሦስት ጥያቄዎችን መመርመር ነበረብኝ።

የመጀመሪያው፣ ሞተሩ ምን ያኽል ይፈልጋል? የሚለው ነው። ባለ ቱርቦ የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ለእያንዳንዱ ፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.27 ኪሎግራም ያኽል ቤንዚን ይወስዳል። ለ400 ፈረስ ጉልበት 108 ኪሎግራም፣ ማለትም 146 ሊትር ገደማ ነው። ለመጠባበቂያ አንድ አምስተኛ ሲታከልበት 175 ሊትር ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ምክሬ ትክክል ይመስላል።

ሁለተኛው፣ በምን ግፊት? የሚለው ነው። ፓምፕ የሚቋቋመው ግፊት በጨመረ መጠን የሚሰጠው ነዳጅ ይቀንሳል። የከተማችንም ከፍታ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ በባሕር ዳርቻ 1.01 ባር የሆነው የአየር ግፊት እዚህ 0.77 ባር ያኽል ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ 1 ባር የሚጨምር ቱርቦ፣ ያንኑ ያኽል አየር ለሞተሩ ለመስጠት ቦሌ ላይ 1.24 ባር መጨመር አለበት። የግፊት መቆጣጠሪያው የነዳጁን ግፊት ከቱርቦው በ3 ባር አስበልጦ የሚጠብቅ ከሆነ፣ በባሕር ዳርቻ 4 ባር የሚገፋ ፓምፕ እዚህ 4.24 ባር ይገፋል። «አየራችን ስስ ስለሆነ ትንሽ ፓምፕ ይበቃል» የሚለው አባባል ቱርቦ ለሌለው ሞተር እውነትነት ቢኖረውም፣ የጎደለውን አየር በቱርቦ ለሚያሟላ ሰው አሳሳች ነው።

ሦስተኛው፣ በምን ያኽል ቮልት? የሚለው ነው። በካርቶን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ በ13.5 ቮልት የተለካ ነው። በወጣቱ መኪና ግን ባትሪው ላይ 12.5 ቮልት እያለ ፓምፑ ዘንድ የደረሰው 10.5 ብቻ ነበር፤ አዲሱ ፓምፕ በፋብሪካው ቀጭን ሽቦ ላይ ተሰክቶ ኖሯልና። ቮልቱ ሲወርድ ነዳጁ አነሰ፤ ነዳጁ ሲያንስ የሲሊንደሩ ሙቀት ከልክ አለፈ፤ ፒስተኑም ቀለጠ።

ስለዚህ እንደኔ አስተያየት ፓምፕ ሊመረጥ የሚገባው በካርቶኑ ቁጥር ሳይሆን፣ በሚሠራበት ግፊትና ቮልት የሚሰጠውን በሚያሳየው ሠንጠረዥ ነው። ከባትሪው በቀጥታ ወፍራም ሽቦ ከነፊውዙና ከነሪሌው ይዘርጋለት። በስስ አየር ቤንዚን ቶሎ ስለሚተን፣ ፓምፑ ሰርባቶዮው ውስጥ ይቀመጥ፤ ሰርባቶዮውም ከሩብ በታች ወርዶ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት አይነዳ። ከሁሉም በላይ መኪናው ከጋራዥ ከመውጣቱ በፊት ግፊቱና ቮልቱ ይለካ፤ ቀለበት መንገድ የሙከራ ቦታ አይደለም።

ያን «ይበቃሃል» ያልሁት ሳልለካ ነበር። የሞተሩን ማሠሪያ ከወጣቱ ጋር ተካፍለን ከፍለናል፤ ትምህርቱን ግን ለእናንተ ያለ ዋጋ አቀርባለሁ።